ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

አባታችን ከግሸን ግርጌ፣ በአምባሰል ተዳፋት ላይ ተክለውት ያለፉት ባሕር ዛፍ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተሸጠና ለእኔና ለእኅቴ 20 20 ሺህ ብር ደረሰን። ወቅቱ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሽያጭ የቀረበበት ነበር። መንግሥት የድርጅቱን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለዜጎች አውጥቷል። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ሲሆን የሚከፈለውም በቴሌብር ነበር።

ናይሮቢ የሚሠራው የአክስታችን ልጅ ይህን ሲሰማ የራሱን ምክር ይዞ መጣ። «ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። በግማሹ ቴሌን ግዙ፣ ግማሹን ስጡኝና እዚህ ሳፋሪኮም ልግዛላችሁ። ማንም ያሸንፍ ማን፣ እናንተ አትከስሩም» አለን።

ነገሩ ብልህነት ይመስላል። ሁለቱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን አንድ ደንበኛ የሚሻሙ ባላንጣዎች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. አንዱ በ5 ሽልንግ የተሸጠው የሳፋሪኮም አክሲዮን በዓመቱ ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ፤ በ2013 ዓ.ም. ግን ከ40 ሽልንግ በላይ ወጣ። ታግሦ ለቆየ ሰው መልካም ሲሳይ ነው።

ይሁንና ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ብርን በጓሮ ወደ ሽልንግ መለወጥ ሕግ አይፈቅድም። ናይሮቢ ላይ የሚሸጠውም በአብዛኛው የኬንያው ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያው ገና ኪሳራ ላይ ነበር። ደግሞስ ባላንጣ ስለሆኑ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሣል ያለው ማነው? እዚህ አገር ሁለቱም መሣሪያቸውን በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፣ ገቢያቸውን በብር ይሰበስባሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ሲወድቅ ማንን ለይቶ ማረ? የግሸን አምባ በመስቀል ቅርጽ ክንዶቹን ቢዘረጋም መግቢያው አንድ በር ነው። በሩ ላይ ናዳ ከወረደ፣ በየትኛውም ክንድ ላይ ብትቆም ያው ነህ።

እኅቴ ሁላችንን ዝም ያሰኘች ጥያቄ አመጣች። «ወንድም ጋሼ፣ ክረምት ሳይገባ ቤቱ ቆርቆሮ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ወደ ብር የሚመልስልኝ ማነው?»

የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በይፋ የተከፈተው በጥር ነው፤ ኅዳር ላይ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ለእሷ 33 አክሲዮን ብቻ ገዛን፤ የአባቷ መታሰቢያ ይሁን ብላ። የቀረው ወደ 10 ሺህ ብር በባንክ ደብተሯ ተቀመጠ። እኔ ደመወዝተኛ ነኝና ጥቂት ከኪሴ ጨምሬ 66 ወሰድኩ። የአክስታችን ልጅ ሳፋሪኮምን በራሱ ሽልንግ ይግዛ አልነው። ገንዘቡን የከፈልነው እንግዲህ ለቆርቆሮ በሚያስፈልገውና ዓመታት መቆየት በሚችለው መካከል ነው።

ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ ከ47 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ነበር፤ ከቀረበው አንድ አሥረኛውን ጥቂት ያልፋል። ከቀሩት መካከል ስንቱ የእኅቴን ጥያቄ ጠይቆ ይሆን እላለሁ። ቤቷ ክዳን የሚፈልግ ሴት ከአትራፊው ኩባንያ ስም በፊት የምትጠይቀው ቀኑን ነውና።