ለአርብ ማታ የሚሆን ሰላይ

እኔ በማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍት ያደግኩ አባት ነኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ጋር ረጋ ብለን የምንቀመጠው አርብ ማታ፣ ፊልም ስናይ ብቻ ነው። ባለፈው ከጆን ለካሬ ልብወለድ በ2011 የተሠራውን «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ»ን ከፈትኩለት። ግማሹ ላይ ሳንደርስ «አባዬ፣ ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ ስልኩን አነሳ።

አልፈረድኩበትም፤ የሰው ብዛት ያደናግራል። ሰላዩ ጆርጅ ስማይሊ ዘጠኝ ልብወለዶች ውስጥ አለ። ራሱን ችሎ ፊልም የሚወጣው የቱ ነው ብትሉኝ ግን የመጀመሪያው፣ በ1961 የታተመው «ኮል ፎር ዘ ዴድ» ነው። አጭር ነው፤ ሌላውን ማንበብ አይጠይቅም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱን ገደለ ይባላል። ስማይሊ የሟቹ ቤት ሳለ ስልክ ይጮሃል፤ ማታውን «ጠዋት ቀስቅሱኝ» ተብሎ የታዘዘ ጥሪ ነው። ሊሞት የቆረጠ ሰው ቀስቅሱኝ ይላል እንዴ? ሚስቱ ደግሞ ከናዚ ካምፕ የተረፈች ሴት ናት። ብትዋሽ እንኳ ታሳዝናለች።

በ1966 ተሠርቶ ነበር፤ ስማይሊን ግን ዶብስ ብለውታል። በራሱ ስም ቢሠራ ደስ ይለኛል።

ይህንኑ እራት ላይ ለልጄ በአማርኛ አወራሁለት። ስልኩን አስቀመጠና «እሺ፣ ከዚያስ?» አለኝ። ስንት ጊዜዬ ነው ይህቺን ቃል ከሱ ከሰማሁ! አልነገርኩትም፤ መጽሐፉን ሰጠሁት። እናንተም ሞክሩት፤ ታሪኩን በአማርኛ ጀምሩላቸው፣ መጨረሻውን ግን እንዳትናገሩ።