ቀድሞ የተሻገረ ሰው

በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ከአሪዞና ወደ ካሊፎርኒያ የሚሻገር ሁሉ ቶፖክን ሳያስተውላት ያልፋታል። በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ያለች ጥቂት ቤቶችና የጀልባ ማቆሚያ ያላት ኢምንት መንደር ናት። ዙሪያዋ ድንጋያማ በረሃ ነው፤ በሐምሌ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እንደ ብዙ ወገኖቼ እንጀራዬን የምበላው በጭነት መኪና ነውና መንገዱን አውቀዋለሁ።

ከመንደሯ አጠገብ ነጭ ቅስት የብረት ድልድይ አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1916 ተሠርቶ እስከ 1947 ድረስ መኪና አሳልፏል። ስመ ጥሩው 66 ቁጥር መንገድም በላዩ ያልፍ ነበር። ዛሬ የሚሸከመው የጋዝ ቧንቧ ነው።

በ1930ዎቹ ድርቅ፣ የአቧራ ማዕበልና ዕዳ ከኦክላሆማ፣ ከቴክሳስና ከአርካንሶ ያፈናቀላቸው ገበሬዎች ፍራሻቸውንና ድስታቸውን በአሮጌ መኪና ጭነው በዚህ ድልድይ ተሻግረዋል። የሌላ አገር ሰዎች አልነበሩም። ዜግነታቸውም ቋንቋቸውም ከካሊፎርኒያው ሰው ጋር አንድ ነበር። ሆኖም በ1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከመቶ ሠላሳ በላይ ባልደረቦቹን ከከተማው አርቆ ወደ ካሊፎርኒያ ድንበር መግቢያዎች ላከ። ገንዘብና ሥራ የሌለው ሁሉ «ተመለስ» ተባለ። «ኦኪ» የሚለው የአገር ልጅ መጠሪያም ስድብ ሆነ።

የሚቀጥለው ነገር ለእኛ ለሐበሾች እንግዳ አይደለም። ፍሬድ ኤድዋርድስ የተባለ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሥራ ያጣውን የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ ሊያመጣ ሄደ። በጥር 1940 በኔቫዳ በኩል ይዞት ገባ። ድሀ ወደ ግዛቲቱ ማስገባት ወንጀል ነው ተብሎ ተከሰሰና ስድስት ወር እስራት በገደብ ተፈረደበት። በኅዳር 1941 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ድሀ መሆንና ምግባረ ብልሹ መሆን አንድ አይደለም ሲልም ወሰነ።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን በመተማና በሁመራ በእግሩ የወጣ፣ በሱዳን መጠለያ ዓመታት የቆጠረ ስንት ሰው አለ! ዛሬ ግን በየቡና ቤቱ ስለ አዲስ መጤው ሲወራ የምሰማው ያሳዝነኛል። የደቡብ አሜሪካን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ በኩል የገባ ልጅ ማደሪያ ሲጠይቅ «እነዚህ ደግሞ ስማችንን ሊያጠፉ መጡ» ይባላል። ይህን የሚለው ራሱ አንድ ቀን የሰው ሶፋ ላይ ያደረ ነው።

ለአዲሱ ልጅ ያለን ሰው ሥራ እናሳየው፣ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበትን መንገድ እናመልክተው፣ ቢያንስ ስሙን በክፉ አናንሳ። መላሽ ፖሊስ በየድንበሩ ሞልቷል፤ ወንዙን ቀድሞ የተሻገረ ወገን ተደርቦ እዚያ ሊቆም አይገባም። ልቦናውን ይስጠን።