አምፖሉን ከማውጣታችን በፊት

ዛሬ ስለ ሕሊና ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ፤ የምነሣው ግን ከእጄ ሥራ ነው። እኔ በቦምቤ መኪና እጠግናለሁ።

የዛሬ የቤንዚን መኪኖች ጭሱ በሚወጣበት ቱቦ ላይ ኦክስጅን ሴንሰር የሚባል፣ ጣት የሚያህል ዕቃ አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ ነው። ሥራው ቤንዚኑ ከተቃጠለ በኋላ በጭሱ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተረፈ መለካት ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ሲበዛ ሴንሰሩ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ወደ 0.1 ቮልት የሚጠጋ ምልክት ይልካል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን እየሰማ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

የድሮውን ካርቡረተር መካኒኩ በጆሮው እያዳመጠ በካቻቢቴ ያስተካክለው ነበር። ቆላ ላይ የተስተካከለው ሞተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል። ከኦሞ ሸለቆ ወደ ሶዶ ሲወጣ የኖረ ሾፌር ይህን ያውቃል። ሴንሰር ያለው ሞተር ግን በየመንገዱ፣ በየደቂቃው ይታረማል። የክርስትና ሕይወትም እንዲሁ ይመስለኛል። ጌታን በተቀበልንበት ቀን አንዴ ተስተካክለን የቀረን አይደለንም፤ በየዕለቱ የምንታረም ሰዎች ነን። ለዚህም እግዚአብሔር ሕሊናን ሰጥቶናል።

በቅርቡ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ ወንድም ሚኒባሳቸውን ይዘው መጡ። ከቦምቤ አረካ ሰው ያመላልሳሉ፤ በገበያ ቀን ዝንጅብል ይጭናሉ። የቤተሰቡ እንጀራ ይህች መኪና ናት። ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል፣ ቤንዚንም ትበላለች። ሴንሰሩን ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። ተስፋ ቆርጠው ሊሸጧት ነው፤ ገዢውም የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ አምፖሉን ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አምፖሉን ባወጣው በሽታው ለዚያ ወንድም ይተላለፋል። አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ስካነር ሳገናኝ ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» ይላል። ኮምፒውተሩም እርሱን አምኖ 25 ከመቶ ያህል ቤንዚን ጨምሯል። ካንዴላዎቹን ስፈታ ግን ጥላሸት ለብሰዋል፤ ጥላሸት ደግሞ የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው። ሁለቱ ምስክሮች አልተስማሙም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን በብርዱ አስነሥቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ ከሴንሰሩ በፊት ካለው የቱቦው መጋጠሚያ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ጭሱ እየገፋ ሲወጣ በየመካከሉ የውጭ አየር በስንጥቋ ይሳባል፤ ሴንሰሩም ያንን አየር ይለካል። ሴንሰሩ አልዋሸም፣ ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም። ከሞተሩ ያልወጣ አየር ግን በመካከላቸው ገብቷል።

ብየዳው እስኪያልቅ አብረን ስንጠብቅ የልባቸውን አጫወቱኝ፤ የምጽፈውም በፈቃዳቸው ነው። ከዓመታት በፊት ያለ አግባብ የወሰዱትን የሰው ገንዘብ በንስሐ መልሰዋል፣ ከባለቤቱም ጋር ታርቀዋል። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ያንን ስም ይጠራል። ወሬው ጆሯቸው በደረሰ ቁጥር ጾም ይጨምራሉ፣ ስእለት ይጨምራሉ። ከጌታ እራት ግን ርቀዋል። «ምንም ባደርግ አይበቃም ይለኛል» አሉ።

እኔ መካኒክ እንጂ ሰባኪ አይደለሁም። ነገር ግን ያችን ስንጥቅ አሳየኋቸው።

ወገኖቼ፣ የሕሊናን ድምፅ የምናበላሽባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ አምፖሉን ማውጣት ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥2 ሕሊናቸው እንደ ተቃጠለ ቆዳ ስለደነዘዘ ሰዎች ይናገራል። ሁለተኛው የውጭውን አየር የእግዚአብሔር ድምፅ አድርጎ መቀበልና ጌታ ይቅር ባለው ኃጢአት ላይ ሥራ እየጨመሩ መኖር ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው ትጉህ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጥላሸት ይሞላል፤ ደስታው ይጠፋል፣ ጸሎቱ ይከብደዋል።

መንፈስ ቅዱስ ሲወቅሰን ኃጢአታችንን በስሙ ጠርቶ ወደ መስቀሉ ይወስደናል። ያኛው ድምፅ ግን የተናዘዝነውን መልሶ እያነሣ «ጨምር» ይላል፤ ወደ ጌታም አያቀርብም። ስለዚህ የልባችሁን ክስ በቃሉ ፊት አቅርቡት፤ ፍሬውንም ተመልከቱ። ጳውሎስ ራሱ ሕሊናው ባይከሰውም የሚፈርድለት ጌታ መሆኑን በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥4 ጽፏል። ልባችን ሲፈርድብንም እግዚአብሔር ከልባችን እንደሚበልጥ ዮሐንስ በ1ኛ መልእክቱ 3፥20 ያጽናናናል። ዕብራውያን 9፥14 ደግሞ ሕሊናን ከሞተ ሥራ የሚያነጻው የክርስቶስ ደም እንደሆነ ያስተምረናል። ጾምና ስእለት ያንን ስንጥቅ አይደፍኑትም።

ብየዳው ሲያልቅ መብራቱ ጠፋ፣ የቤንዚኑም ፍጆታ ወረደ። ወንድማችን ለገዢው ሁሉን ነግረው መኪናዋን ላለመሸጥ ወሰኑ። በሚቀጥለው የጌታ እራት እሑድ ከእኛ ጋር እንዲቀመጡ እየጸለይኩ ነው፤ እናንተም አብራችሁኝ ጸልዩ።

ጌታ ሆይ፣ መርምረን። በእውነት የበደልንህን አሳየን፤ ይቅር ያልኸንን ደግሞ በልባችን አሳርፍልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።