ለሼሃችን ጆሮ የገዛነው ሃዲያ



ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ሄድፎን ነው። አትሳቁ። ሦስት ሆነን ለአስተማሪያችን በገዛነው አንድ ዕቃ የሠራነው ስሕተት አለ። ዒድ ሲደርስ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ለእናት ለአባታችሁ ይህንኑ ዕቃ ስለምትገዙ ዝም ብለን ልናልፈው አልፈለግንም።

ሼሃችን እኛን ሦስታችንን ቡሬ ላይ ከአሊፍ ጀምረው ያቀሩን ሰው ናቸው። ሙያቸው ሽመና ነበር። ሥራ የበዛባቸው ቀን ከሸማቸው ሳይነሡ ያቀሩናል። እጃቸው መወርወሪያውን እየወረወረ፣ ከእኛ አንዱ ሷድን ሲን አድርጎ ካነበበ ዞር እንኳ ሳይሉ «ድገም!» ይላሉ። የዚያን ጊዜ ጆሯቸው እንዲህ ነበር። አሁን ዓይናቸው ስለ ደከመ ሙስሐፍ ማንበብ ትተዋል። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከኛ አንዱ መስጂድ ያገለግላል፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ሱቅ አለው። በወር አንዴ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በማንኩሳ አድርገን ልንዘይራቸው እንሄዳለን።

ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጡ ሰው አይደሉም። ከዒሻእ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁርኣን ይሰማሉ፣ አልፎ አልፎ የሬዲዮ ዜና፤ ያ ብቻ ነው። ባለ ቁልፍ ስልካቸው ሚሞሪ ውስጥ ያለው የሼህ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ቲላዋ ነው። እኚህ ግብፃዊ ቃሪእ በ1961 እ.ኤ.አ. ሙሉውን ቁርኣን በሙረተል ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀረጹ ናቸው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እኛ የከተማዎቹ ምን እንስማ እያልን ስንቸገር፣ እርሳቸው በዚያች ሚሞሪ ምንም አልጎደለባቸውም ነበር።

ችግሩን የነገረችን ልጃቸው ናት። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ልጆቹ በጊዜ ይተኛሉ፣ ትልቁ ደግሞ ፈተና አለበት። «ድምፁ ልጆቹን ይቀሰቅሳል፤ ቀንሱት ስላቸው አይሰማኝም ይላሉ፤ እንዳልቆጣ አባቴ ናቸው» አለችን። እኛም እንግዲህ መፍትሔው ማዳመጫ ነው ብለን ተነሣን።

ገንዘብ አዋጥተን ፍኖተ ሰላም ላይ በ1,800 ብር ያቺን ሰው ሁሉ ኤርፖድ የሚላትን፣ ጆሮ ውስጥ የምትገባ፣ ገመድ የሌላት፣ በነጭ ሣጥን ውስጥ የምትተኛ ማዳመጫ ገዛን። እውነቱን እንናገር፤ የገዛነው ለራሳችን የምንመኘውን ነው። ሱቅ ውስጥ እየተቀባበልን ጆሯችን ላይ ስንሞክር ሼሃችንን አንዳችንም አላሰብናቸውም። በሻዕባን ወስደን ስንሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉን፣ ረጅም ዱዓ አደረጉልን። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ጆሯቸው ላይ አድርገዋት እናገኛለን። ደስ አለን፤ ሃዲያችን ገባች ተባባልን።

ሚስጥሩን ያወጣው ትንሹ የልጅ ልጃቸው ነው። በሦስተኛው ጉዟችን ደጅ ላይ ተቀብሎን «አባባኮ እናንተ ስትመጡ ነው የሚያደርጉት፤ ስትሄዱ አውጥተው በጨርቅ ይቋጥሩታል» አለን።

በር ላይ ቆመን ቀረን። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሃዲያ ይቀበሉ፣ በሌላም ይመልሱ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ እንዳስተላለፈችው፣ የጎረቤት ስጦታ የበግ ሰኮና ብትሆን እንኳ እንዳትናቅ እንደታዘዘ፣ ሁለቱም በቡኻሪ እንደሚገኙ ከእርሳቸው ነው የሰማነው። እኛን ላለማሳዘን ሲሉ ሽማግሌው በመጣን ቁጥር የሚያማቸውን ነገር ጆሯቸው ውስጥ ሲከቱ ኖረዋል።

ያን ቀን ገብተን አጠገባቸው ተቀመጥንና መጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባንን ጠየቅናቸው። ብዙ አስቸገርናቸው፤ «ጥሩ ነው ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ» ከማለት በቀር አልናገር ብለው ነበር። በኋላ ግን አንድ በአንድ ወጣ። ጎማዋ የጆሯቸውን ቀዳዳ ትወጥራለች። ስግደት ላይ እንደ ነበሩ አንዷ ወድቃ ልጆቹ ፍራሽ ሥር ሲፈልጉ አምሽተዋል። ሊያስተካክሏት ሲነኳት ንባቡ ይቆማል፤ ለካ ዕቃዋ በመንካት የምትታዘዝ ናት። መብራት ለቀናት ሲጠፋ ስልኩም ሣጥኑም ቻርጅ ለመደረግ ከተማ ይላካሉ፤ ስልኩ ቀድሞ ይመጣል፣ ሣጥኑ ይቀራል። ከስልኩ ጋር ስትለያይ መልሶ የሚያገናኛት ሰው ቤት ውስጥ የለም።

ያላሰብነው ደግሞ ሬዲዮው ነው። በእነዚህ ባለ ቁልፍ ስልኮች በብዙዎቹ የኤፍ ኤም ሬዲዮ አንቴና ራሱ የማዳመጫው ገመድ ነው። ገመድ ካልተሰካ ሬዲዮው ወይ አልከፈትም ይላል ወይ ይንሻሻል። ገመድ የሌለው ውድ ዕቃ ሰጥተን ዜናቸውን ነጠቅናቸው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀኝ ጆሯቸው ነበር። «በዚህኛው ጭራሽ አይገባኝም» ሲሉ እርጅና ነው ብለን ልናልፈው ነበር። ልጃቸው ግን «ይታይ» አለችና ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። የጆሮ ኩክ ደርቆ ደፍኖታል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር ኩኩን ወደ ውስጥ ሊገፋው እንደሚችል ያን ቀን ተማርን። ለጥቂት ቀናት የሚያለሰልስ ጠብታ ሰጧቸው፣ ከዚያ በለብታ ውኃ ታጠበላቸው። (ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ እንደሆነ በዓይን ሳይታይ አይታወቅም። በክብሪት እንጨት መጎርጎርማ ጭራሽ አይነሣ።) ለአባቱ ማዳመጫ ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ጆሯቸውን ቢያስመረምር ምናልባት የሚገዛውም ነገር አያስፈልገው ይሆናል።

ሁለተኛውን የገዛነው ቡሬ ላይ ነው፤ በገበያ ቀን፣ በ450 ብር። ባለ ገመድ፣ ጆሮን ከላይ የሚሸፍን፣ ስፖንጁ ለስላሳ የሆነ ሄድፎን። ባለ ሱቁ ስልኩን ከፍቶ ቤቱን በሚያናውጥ ሙዚቃ ሊያስሞክረን ሲል፣ እኛ ከኪሳችን የሼሃችንን ሚሞሪ አወጣን። ይህን ምክር አደራ ያዙት፦ ስትገዙ ሰውየው የሚሰማውን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ርካሽ ሄድፎን አብዛኛውን ጊዜ ቤዙን አግንኖ ነው የሚሠራው፤ ለዘፈን ያማረ ይመስላል፣ ለሰው ድምፅ ግን ጉም ያለብሰዋል። በእርጅና መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ኃይል ነው፤ ሲንና ሳእ የሚለዩት ደግሞ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ነው። የሞከርነው የመጀመሪያው ሄድፎን ላይ የሑሰሪ ንባብ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሦስተኛው ላይ ፊደላቱ ጥርት አሉ። ርካሹም እርሱው ሆነ፣ አልሐምዱሊላህ።

ምቾቱን ለማወቅ አንዴ አድርጎ ማውለቅ አይበቃም። አንዳችን ኮፍያውንም መነጽሩንም እንዳደረገ፣ ባለ ሱቁ እስኪሰለቸን ድረስ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አድርጎት ቆየ። የሚያጠብቅ ሄድፎን መጀመሪያ አይታወቅም፤ ቆይቶ ነው የመነጽሩን እጀታ ከጆሮ ጀርባ የሚጫነው። የእኛም ትንሽ ያጠብቅ ነበርና ማታ ሁለት ወፍራም ኪታቦችን ደርበን እንዳይቀደዱ በፎጣ ጠቅልለን በዚያ ላይ ወጥረነው አደርን፤ ጠዋት ላላ አለ። ገመዱን ከጃኩ አንገት ላይ አጠፍ ዘርጋ አድርጋችሁ ድምፁ መቆራረጡን እዩ፤ ርካሽ ዕቃ የሚሞተው እዚያ ጋ ነው። ጃኩም ለስልኩ ይሁን፤ ለባለ ቁልፍ ስልክ ክቡ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ግን ያ ቀዳዳ ጭራሽ የላቸውም፣ ታይፕ ሲ ያስፈልጋቸዋል።

ስንሰጣቸው የመጀመሪያውን አንሥተን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ሳቁ። አዲሱን በእጃቸው ዳበሱት፤ የሸማኔ ጣት ነው፣ ስፖንጁን የሸፈነውን ነገር ወዲያው አወቁት። «ይሄ ቆዳ አይደለም፣ ላስቲክ ነው፤ ያልባል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለው ሽፋን ያልባል፣ ሲቆይም ይላጣል። በሳምንቱ ልጃቸው ከራሳቸው የድሮ ሸማ ላይ ቆርጣ የጥጥ ልባስ ሰፋችለት። አሁን እየታጠበ ይመለሳል።

ስለ ድምፁ መጠን ከወንድማችን ከባለ ባጃጁ ጋር ብዙ ተጨቃጨቅን። እርሱ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ተደፍኖ ይነዳል፣ የኋላ መኪና ጡሩምባ አይሰማም፣ ይህን እየነገርነው ይኸው ዓመት ሆነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በማዳመጥ ልማዳቸው ምክንያት ለመስማት ጉዳት ተጋልጠዋል ይላል። ድርጅቱ ባወጣው ልክ 80 ዴሲቤል የሆነን ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 90 ከደረሰ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ከስልኩ ሙሉ ድምፅ 60 በመቶውን አለማለፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ጆሮን ከላይ የሚሸፍን ሄድፎን የውጭውን ጫጫታ ትንሽ ስለሚከለክል ድምፅ መጨመር አያስፈልግም። ሼሃችን ጆሯቸው ከታጠበና ሄድፎኑን ካገኙ በኋላ ድምፁን ወደ ግማሽ አውርደውታል። በሱረቱል አዕራፍ ቁርኣን ሲነበብ እንድናዳምጥና ዝም እንድንል ታዘናል፤ እንድንጮኽበት አልታዘዝንም። ባለ ባጃጁ ይህን ሲሰማ ቢያንስ አንዱን ጆሮውን ነፃ አውጥቷል። ሁለተኛውን ደግሞ ኢንሻአላህ።

ባለፈው ስንሄድ እንደ ድሮው ደጅ ላይ አላገኘናቸውም። ሄድፎኑን አድርገው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ነበር፤ መግባታችንን አልሰሙም። ልጃቸው ልትነካቸው ስትል ተዪያቸው አልናት። ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሲያወልቁት አዩን፤ ሰላምታውን ከመመለሳቸው በፊት ከእኛ አንዱን ጠቁመው «አንተ፣ ባለፈው ጁሙዓ ያነበብካትን ሱራ አምጣት እስቲ፤ ዋቅፏን ስተሃል፤ አሁን ነው ከሑሰሪ ያረጋገጥኩት» አሉት። አነበበ። «ድገም» አሉት።

ልንወጣ ስንል ልጃቸው ቡና እያቀረበች «ለእኔስ? ጥጥ ስፈትል የምሰማው ሙሐደራ አማረኝኮ» አለች። በዚህኛው ጊዜ ቸኩለን ሱቅ አልሄድንም፣ ጠየቅናት። «የአባቴ ዓይነት አልፈልግም፤ በሒጃብ ላይ ሳደርገው ይንሸራተታል፣ ከሥር ሳደርገው ደግሞ ያቃጥላል። ባለ ገመድ ትንሿ ትበቃኛለች፣ አንዱን ጆሮዬን ለልጆቹ እተወዋለሁ» አለችን። 200 ብር አልሞላችም። ለሚቀጥለው ጉዞ ተገዝታ ተቀምጣለች።

ለሼሃችን ዓፊያና ረጅም ዕድሜ ዱዓ አድርጉልን።