«ልጄን ለምን ከኋላ አቆሙት?»



ልጆቻችን ኳስ ሲጫወቱ ሜዳ ዳር የምንቆም ወላጆች ደጋግመን የምናነሣው ጥያቄ አለ፦ «ልጄን ለምን ከኋላ አቆሙት?» ልጁም አኩርፎ ቤት ይገባና «ማጌን አደረገኝ፣ እኔ ኻሉጽ መሆን ነው የምፈልገው» ይላል። ማጌን ተከላካይ ነው፣ ኻሉጽ ደግሞ አጥቂ። በዚህ አገር ወደ ኋላ መገፋት ምን እንደሆነ ስለምናውቅ «ከኋላ» ሲባል ሆዳችን ቶሎ ይባባል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አሰላለፍ እንነጋገር። ኳስ የማታዩ እናቶችና ሽማግሌዎችም አንብቡት፣ ከባድ አይደለም።

ለምሳሌ የምንወስደው በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ባርሴሎና ሪያል ማድሪድን በገዛ ሜዳው 6 ለ 2 ያሸነፈበትን ጨዋታ ነው። የባርሴሎና አሠልጣኝ ፔፕ ጋርዲዮላ ነበር። አሰላለፉ 4-3-3 ይባላል፤ ከበረኛው ፊት 4 ተከላካይ፣ መሃል ላይ 3 አማካይ፣ ፊት 3 አጥቂ ማለት ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ነው። ሜዳው ላይ ግን ማንም በቆመበት አይቀርም። ሜሲ ያን ጊዜ ብዙውን የሚጫወተው በቀኝ ክንፍ ነበር። በዚያ ማታ ጋርዲዮላ ሜሲን ወደ መሃል አመጣና የመሃል አጥቂውን፣ የካሜሩኑን ሳሙኤል ኤቶን፣ ወደ ቀኝ ላከው። ሜሲም ጎል አፍ ላይ አልቆመም፤ ወደ ኋላ እየተመለሰ ለአማካዮቹ ቀረበ። የማድሪድ የመሃል ተከላካዮች ግራ ገባቸው። ቢከተሉት ከኋላቸው ባዶ ይሆናል፤ ኤቶና ቴሪ ሄንሪ ከጎንና ከጎን ይገቡበታል። ቢተዉት ደግሞ ሜሲ ከዣቪና ከኢኒዬስታ ጋር ሆኖ መሃሉን በሰው ብዛት ይበልጣል፤ ኳሱን እንደፈለጉ ይቀባበላሉ። ይህን ቦታ «ሐሰተኛ 9 ቁጥር» ይሉታል፤ 9 የመሃል አጥቂ ቁጥር ነውና።

አሁን ወደ ኋላ ሰዎች እንምጣ። ቀኝ ተከላካዩ ዳኒ አልቬስ መስመሩን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሜዳውን ያሰፋል። ግራ ተከላካዩ አቢዳል ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል፤ ከሁለቱ የመሃል ተከላካዮች ጋር ሦስት ሆነው ይጠብቃሉ። ያያ ቱሬ ደግሞ ከፊታቸው አለ። አልቬስ ልቡ ሞልቶ የሚወጣው እነዚህ ስለቀሩለት ነው። ከ6ቱ ጎሎች ሜሲ 2፣ ሄንሪ 2 አገቡ። የቀሩትን 2 ያገቡት ፑዮልና ፒኬ ናቸው፤ ሁለቱም የመሃል ተከላካዮች!

ከብት የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንጋው ወንዝ ሲሻገር አንዱ ፊት ሆኖ ይመራል፣ አንዱ ከጎን ይመልሳል፣ አንዱ ከኋላ ይነዳል። የኋላው ከሌለ የፊተኛው ብቻውን ተሻግሮ ይቀራል።

ከእኛው ልጆች ኤሊ ዳሳን እናንሣ። የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ የተጫወተው ይህ ልጅ ቀኝ ተከላካይ ነው። የአምበልነቱን ጨርቅ ክንዱ ላይ ያሰረው እዚያው «ከኋላ» ከምንለው ቦታ ሆኖ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጁ ሲያኮርፍ ሁለት ነገር እንጠይቀው። «ቡድንህ ኳስ ሲይዝ አንተ ወዴት ትሄዳለህ? ስትወጣ ቦታህን ማን ይሸፍንልሃል?» በዕብራይስጥ አንድ ቃል መልሶልን ወደ ስልኩ የሚዞረው ልጅ ይህን ስንጠይቀው ወረቀት አምጥቶ ይሥልልናል። መልሱን ካላወቀው ደግሞ አሠልጣኙን እንዲጠይቅ እናበረታታው። ልጁ ከሳምንት ሳምንት ወንበር ላይ እየተቀመጠ ምክንያቱ ካልተነገረው ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሄደን በአክብሮት መጠየቅ መብታችን ነው። መመዘን ያለብን የቆመበትን ቦታ ሳይሆን እያስተማሩት መሆኑን ነው።

ሰንበት ከወጣ በኋላ ልጆቻችሁ ያንን ጨዋታ በስልካቸው ያውጡላችሁ። ኳሱን ትታችሁ አልቬስንና አቢዳልን ብቻ ተመልከቱ፤ ያያችሁትንም እዚህ ጻፉልን። ሳምንቱን የሰላም ያድርግልን።