ጌጁ ጌጥ ነውን?

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ፒንሳና ሽቦ ይዘው ሲታዩ ሰው ይስቃል። ባለፈው ክረምት በሐዋሳ ከተማ ሦስት ሆነን የአንድ ጓደኛችንን ሞተር ሳይክል መለኪያዎች ስንዘረጋ የሰማነው ሳቅ ለአንድ ዓመት ይበቃናል። ከሁሉ ይልቅ ደጋግመን የሰማነው ግን «ሞተሩ ከሄደ ጌጅ ምን ያደርግለታል? ጌጥ ነው እንጂ!» የሚለውን ነው። አንባቢ ሆይ፤ ይህን የምንጽፈው ለዚያ አባባል መልስ እንዲሆን ነው።

ጠያቂዎቻችን ጨርሶ አልተሳሳቱም። በአገራችን ብዙው ሞተር ነጂ ፍጥነቱን በነፋሱ፥ የሞተሩን ጭንቀት በድምፁ፥ ነዳጁንም ታንከሩን ነቅነቅ አድርጎ በሚሰማው ጩልጩልታ ይለካል። ደኅና ጆሮ ያለው ሰው ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜ ከማንም አይጠይቅም። ጓደኛችን ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው ይደክማል። ቀረብ ብለው ጮኽ ካላሉለት አይሰማም፤ ሄልሜት ካጠለቀ ደግሞ ዓለም በሙሉ ዝም ትልበታለች። ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ ሲያለቅስ እሱ ሰላም መስሎት ይነዳል። የፍሬቻው «ቀጭ ቀጭ» ስለማይደርሰው ከታጠፈ በኋላ ሳያጠፋው አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከኋላው ያለው ከባድ መኪናም ይታጠፋል ብሎ ይጠብቃል። ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ጓደኛችን በየሳምንቱ መጨረሻ ሠርግ ፎቶግራፍ እያነሣ ቤት የሚደጉም ልጅ ነው። ሞተሩን ያሠራው ከሦስት ሬሳ ሞተሮች ለቃቅሞ ነው። ልቡ፥ ማለት ሞተሩ ራሱ፥ ሆንዳ ሲ.ጂ. 125 ነው። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጣ፥ እንደ ልብ ጥገና በማይገኝበት አገር እንዲበረታ ታስቦ የተሠራ፥ ባለ አንድ ሲሊንደር ጠንካራ ፍጥረት ነው። ታንከሩ የሌላ፥ መሪው የሌላ፥ ወንበሩ በአናጢ የተቆረጠ ሲሆን፥ የጥንቱ መለኪያ ወዴት እንደ ደረሰ የሚያውቅ አልተገኘም። እናቱ ይህን ሁሉ አይተው፥ «ልጄን ለዚህ ብረት አልሰጥም» ብለው ገዢ አምጥተው ነበር። ብዙ ከተለመኑ በኋላ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ጊዜ ሰጡን። እንግዲህ ሥራው የጌጥ ሥራ አልነበረም።

የተገዛው መለኪያ የትኛውንም ሞተር እንዲገጥም ተብሎ የተሠራ፥ ከኋላው አሥራ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ የተንጠለጠለበት ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት በቻይንኛ ተጽፎ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ሲሆን፥ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚጠላ ይመስላል። ይኸን ጊዜ ነው የአርት ተማሪነት የጠቀመን! ለሁለት ማታ እንደ ጥንት ብራና አንቀጽ በአንቀጽ ፈታነው።

የሽቦ ቀለምም ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። በሆንዳ ዘንድ አረንጓዴ ሽቦ ማሳ ነው፤ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ነው፤ ቀዩ ከባትሪ የሚመጣው ነው። ብርቱካናማው የግራ ፍሬቻ፥ ውኃ ሰማያዊው የቀኝ፥ ደማቁ ሰማያዊ የረጅም መብራት፥ ቀይ መሥመር ያለበት ነጣ ያለ አረንጓዴ ደግሞ የፎሌ ነው። በመለኪያው ላይ ግን ማሳው ጥቁር ነበር። መልኩ ተመሳሳይ ነው ብሎ ጥቁርን ከጥቁር የሚያጋባ ሰው፥ አንድም መለኪያው አይነሣለትም፥ አንድም ይቃጠልበታል። የእኛ ሞተር ደግሞ ከሦስት ቤት የተሰበሰበ ስለ ሆነ ቀለሙን ጨርሶ ለማመን አይቻልም ነበር፤ እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር እየመረመርን በወረቀት ላይ ስሙን ጻፍን። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት፥ ሲነሣም ወደ 14 ቮልት ማሳየቱን ካረጋገጥን በኋላ ብቻ ነው መለኪያውን ያቀረብነው። ወደ እሱ በሚሄደው መሥመርም ላይ አንዲት ትንሽ የ1 አምፔር ፊውዝ አስገባን።

ፎሌው አስቸጋሪ አልነበረም። ማብሪያው ማርሹ ባዶ ሲሆን ሽቦውን ከማሳ ጋር ያገናኛል፤ ስለዚህ መብራቱ የሚፈልገው በሌላው ወገን ኤሌክትሪክ ማግኘት ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ናት፤ የማርሹን «ቋ» ለማይሰማ ሰው ግን ያቺ አረንጓዴ መብራት ፍሪሲዮኑን ቢለቅ ሞተሩ እንደማይዘልበት የምትነግረው ብቸኛ ምስክር ናት።

ራስ ያዞረው ፍሬቻው ነው። ሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሽቦ አለው፤ መለኪያው ግን ለሁለቱም አንድ መብራት፥ አንድ ሽቦ ብቻ ነው የሰጠው። ሁለቱን በቀጥታ ከአንዱ ጋር ቢያስሩ የግራው ኤሌክትሪክ በዚያው በኩል ወደ ቀኝ ይሻገርና አራቱም ፍሬቻ በአንድነት ይርገበገባሉ፤ ነጂው ወዴት እንደሚታጠፍ እሱም ሌላውም አያውቅም። መድኃኒቱ ዳዮድ የምትባል፥ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ ናት። ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር፥ ኤሌክትሪክን ታሳልፋለች እንጂ አትመልስም። አንዲት በግራው፥ አንዲት በቀኙ መሥመር ላይ አስገባን። ቁጥሯ 1ኤን4007 ይባላል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ሁሉ ዘንድ አለች። ይህን ያስተማረን ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸውን በታሪክ ክፍል ተምረናል፤ በግቢያችን ግን አዋጁ ገና ያልደረሰው ብዙ ሰው አለ።

የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው መርፌ ደግሞ በሌላ መንገድ ይዋሻል። ምልክቱን የሚያገኘው ከካንዴላው ብልጭታ ነው። የዚህ ሞተር ካንዴላ፥ አራት ምት ቢሆንም፥ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ ከሁለቱ አንዱ ተኩስ ለከንቱ ነው። መለኪያው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በሁለት ዙር አንድ ተኩስ እንዲጠብቅ ሆኖ ነው የተሰናዳው። ስለዚህ 1400 ማለት የሚገባው 2800 ይላል። በወረቀቱ ሦስተኛ ገጽ ላይ የተደበቀችውን ማስተካከያ አግኝተን ወደ እውነቱ መለስነው። መርፌው እንዳይቅበጠበጥም ሽቦውን ከካንዴላው ወፍራም ገመድ አራቅነው፥ ካንዴላውንም መከላከያ ባለው ዓይነት ለወጥነው። ከዚያ በ7000 ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ ናስትሮ ለጠፍን። ጓደኛችን ማርሽ የሚቀይረው መርፌው እሷን ሲነካ ነው።

ፍጥነቱ የቀረው ነበር። መለኪያው በፊተኛው ጎማ ላይ የተተከለችውን ማግኔት እየቆጠረ፥ በጎማው ዙሪያ ርዝመት ያባዛል። ርዝመቱን የሚነግረው ሰው ነው። ጎማውን በጠመኔ ምልክት አድርገን፥ ጓደኛችን ተቀምጦበት (ጎማ በክብደት ይረግባልና)፥ አንድ ሙሉ ዙር ገፋነው፤ 186 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በመለኪያው ውስጥ የነበረው ግን 130 ነው። እንዳለ ቢተው ኖሮ ሞተሩ በ50 ሲበር መለኪያው 35 ብሎ ያስተኛው ነበር። መለኪያ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል፤ የሚዋሽ መለኪያ ያለው ሰው ግን ተማምኖ ይሞታል። ሰውን ለማስደነቅ ብቻ ጌጅ የሚያሰቅሉትን የምንወቅሰው በዚህ ነው።

ሽቦዎቹ በመሪው አንገት በኩል ሲያልፉ መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞርን እንዳይወጠሩ፥ እንዳይቆነጠጡም አየን። ይህን የሚንቅ ሠራተኛ ሥራው ከጋራዥ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ብቻ ይደርሳል።

ፍልሰታ ከመፈታቱ ከሦስት ቀን በፊት በሻሸመኔ መንገድ ላይ ከስልክ ጋር አስተያየነው፤ መለኪያው 50 ሲል ስልኩ 49 አለ። እናቱ ወጥተው በቆመው ሞተር ላይ ፍሬቻውን ራሳቸው ግራና ቀኝ አደረጉት፥ አረንጓዴዋን አስበርተው አስጠፏት፥ ከዚያም ገዢውን በስልክ ጠርተው «አልሸጥም» አሉት።

የነዳጅ መለኪያው ብቻ ሳይገናኝ ቀርቷል፤ ታንከሩ መንሳፈፊያ የለውምና። ጓደኛችን ዛሬም ከመነሣቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ በእንጨት ይለካል።