ስለትና ስእለት

የንባብ ክፍል፦ መክብብ 5፥4-5፤ 10፥10

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የእንጨት መላጊያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔን ግን ሊጥለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በኪራይ አዳራሽ ስታመልክ ቆይታ የራሷን ሕንፃ ስታገኝ፣ የጌታ እራት የሚቀርበው በሚታጠፍ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ እሑድ ሽማግሌዎች የጎደለውን ሁሉ ዘርዝረው "ማን ምን ይሠራል?" ብለው ሲጠይቁ እጄን አነሣሁ። የእንጨት ሥራ ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ የምሞክረው ነገር ነው። "እስከሚመጣው ፋሲካ ድረስ ጠረጴዛውን ለጌታ እሠራለሁ" አልኩ። ጉባኤው እልል አለ። ሽማግሌዎቹም ለእንጨት መግዣ 600 ዶላር ሰጡኝ።

ያ ፋሲካ አለፈ። ቀጣዩም አለፈ።

ምክንያት ነበረኝ። ያለኝ ርካሽ መላጊያ ጠንካራ እንጨት ሲያገኝ ከመላግ ይልቅ ይቦጭቀዋል። "በዚህማ የጌታ ጠረጴዛ አይሠራም" አልኩና ጥሩ መላጊያ ፍለጋ ገባሁ። የፈለግሁት ቁጥር አራት የሚባለውን፣ ርዝመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን የማለስለሻ መላጊያ ነው። የዛሬዎቹ የብረት መላጊያዎች አሠራር በአብዛኛው የመጣው ሊዮናርድ ቤይሊ ከተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የስታንሊ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን የገዛው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። በዘመናችን ከውዶቹ መካከል ስማቸው የሚነሣው በ1981 እ.ኤ.አ. በሜይን ግዛት የተጀመረው ሊ ኒልሰንና የካናዳው ቬሪታስ ናቸው። ዋጋቸው ውድ ነው፤ ከነሐስ የተሠራው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ዋጋው ያለ ምክንያት አልተወደደም። የታችኛው ፊታቸው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቀጥ ያለ ነው። ብረታቸው ቢወድቅ በቀላሉ አይሰነጠቅም። የተለመደው ምላጭ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የእነዚህ ሦስት ያህል ስለሚደርስ እንጨቱ ሲጠነክርበት አይንቀጠቀጥም። ይህን ሁሉ በቃሌ አወቅሁት። ብረት ይሻላል ወይስ ነሐስ፣ የትኛው ምላጭ ስለቱ ይቆያል እያልኩ ሌሊት ሌሊት ቪዲዮ አይ ነበር። በእነዚያ ወራት መጽሐፍ ቅዱሴን የገለጥኩበት ጊዜ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል።

አንድ ሌሊት የነሐሱን መረጥኩ። የራሴ ገንዘብ አልነበረኝም። ግን የቤተ ክርስቲያን 600 ዶላር በእጄ ነበር። "ከዚህ ላይ መላጊያውን ልግዛ፤ በተረፈው ደግሞ ረከስ ያለ እንጨት እፈልጋለሁ፤ ያው ለጌታ ሥራ ነው" አልኩ። ጥቅስም አላጣሁም። ዳዊት ዋጋ ያላስከፈለውን መሥዋዕት ለአምላኩ እንደማያቀርብ የተናገረው ትዝ አለኝና (2ኛ ሳሙኤል 24፥24) ለራሴ ሰበክሁት። ዳዊት የከፈለው ከራሱ ኪስ መሆኑን ግን ዘለልኩት።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ስክሪኑን አየች።

"ይሄ ገንዘብ የማን ነው?" አለችኝ።

"ለጌታ ሥራ እኮ ነው።"

"ጠረጴዛውስ?" ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁና መጽሐፈ መክብብን ገለጥኩ። ምዕራፍ 5 ላይ ለእግዚአብሔር የተሳለ ሰው ሳይዘገይ እንዲፈጽም፣ ተስሎ ከማይፈጽም ባይሳል እንደሚሻለው ተጽፏል። እኛ ወንጌላውያን "ስእለት" የሚለውን ቃል ብዙም አንጠቀምበትም፤ "ለጌታ ቃል ገባሁ" እንላለን። ስሙን ብንለውጠውም ዕዳው አይቀርም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የምላጭ ስለት ስፈልግ፣ በጉባኤ ፊት የተሳልኩት ስእለት ጋራዥ ውስጥ አቧራ ይጠጣ ነበር።

በማግሥቱ ከሽማግሌዎቻችን ለአንዱ ደወልኩ። እሳቸው በወጣትነታቸው አገር ቤት አናጢ ነበሩ። "ጋሼ፣ የምናዘዘው ነገር አለ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ገንዘቡ አለ?"

"አለ ጋሼ። አልነካሁትም።"

"ተመስገን። እንጨት ግዛበት።" ትንሽ ቆይተው "ለመሆኑ ያለህ መላጊያ ተስሎ ያውቃል?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ቀን በደንብ ስዬው አላውቅም።

ቅዳሜ መሳያ ድንጋያቸውን ይዘው መጡ። የብርጭቆ ወረቀት በመስተዋት ላይ ለጥፈን የመላጊያውን የታች ፊት እስኪስተካከል አሸነው። የምላጩን ጀርባ አቀናን፤ ጫፉን በሻካራው ድንጋይ፣ ቀጥሎም በልሙ ሳልነው። ምላጩ ላይ የሚታሰረውን ሁለተኛውን ብረት ወደ ስለቱ በጣም አስጠጉልኝ። እንጨቱ ከመቦጨቁ በፊት ፍቅፋቂውን አጥፎ የሚሰብረው እሱ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከዚያ በዋልነቱ ላይ በጅማቱ አቅጣጫ ስገፋው፣ ከመላጊያው አፍ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ። ያው ያ ርካሽ መላጊያ ነው።

መክብብ 10፥10 የሚለው ይህንኑ ነው፤ ብረት ከደነዘና ካልተሳለ ሰው ብዙ ጉልበት ማውጣት ይኖርበታል። እኔ ደግሞ ጉልበቱንም ትቼ በገንዘብ ልፈታው ነበር።

አታጥላላው እንዳትሉኝ፣ ውዱ መላጊያ በእርግጥም የተሻለ ነው። ከእኛ ግማሽ ቀን የወሰደውን ሥራ አብዛኛውን ሌላ ሰው ሠርቶ ይሰጣችኋል፤ የምትከፍሉት ለዚያ ነው። የራሱ ገንዘብ ያለውና ጊዜ ያጠረው ሰው ቢገዛው አልነቅፈውም፤ እኔም ዛሬ ድረስ እመኘዋለሁ። ነገር ግን ስለቱ ለዘለቄታው አይገዛም። የነሐሱም ቢሆን ጥቂት ከሠራ በኋላ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ባለቤቱ መሳል ካላወቀ ከእኔው መላጊያ እኩል ይሆናል።

መንፈሳዊ ሕይወታችንም እንዲሁ አይደለምን? አዲስ የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ፣ ትልቅ ኮንፈረንስ፣ ስመ ጥር አስተማሪ እንፈልጋለን። ሁሉም መልካም ነው። ግን ዛሬ ጠዋት ያልጸለይኩትን እነርሱ አይጸልዩልኝም፤ የገባሁትን ቃልም አይፈጽሙልኝም።

ጠረጴዛው ከስድስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ባስረከብኩበት እሑድ ስለ መዘግየቴና ስለ ገንዘቡ ያሰብኩትን ለጉባኤው ተናገርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ከእልልታው ቀን ይልቅ ያን ቀን ቀለለኝ። በአንዱ ጥግ ተቦጭቆ የቀረ ቦታ አለ። ነጩ ጨርቅ ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም። እኔ ግን እንጀራውና ጽዋው በቀረበ ቁጥር የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሳየውም ጌታን አመሰግናለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ፣ አንቺስ? "የተሻለ ዕቃ፣ የተሻለ ጊዜ ሲመጣ" ተብሎ የቆየ ቃል አለ?

አባት ሆይ፣ የገባንልህን ቃል ስለ ዘገየን ማረን። ያለንን ይዘን ዛሬ እንድንጀምር እርዳን። የደነዘውን ልባችንን በቃልህ ሳልልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።